ለዋቅጅራ እጅ የሚሆን ብረት

ቀጥቃጩ ቲጃኒ ተሳስቶ አያውቅም። ይህን የሚለው ራሱ ነው፤ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳይታክት ስላለው የጅማው መንደራ ቆጪ ሰፈርም፣ ከአጋሮና ከሰካ ለገበያ የሚመጣው ገበሬም አምኖ ተቀብሎታል። ሰው አንድን ነገር ሳያወላውል ደጋግሞ ከተናገረ የሚከራከረው አያገኝም። ቲጃኒ ደግሞ አለማወላወልን ከወናፉና ከመስፉ ጋር አብሮ ከአባቱ የወረሰ ሰው ነበር።

ደንቡ አንድ ነው። መቆፈሪያ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ከመጣ አይስተናገድም። «አሮጌህን አምጣ» ይባላል። ገበሬው የተበላውን፣ የዶለዶመውን አሮጌ ሲያመጣ ቲጃኒ ወደ ብርሃን አውጥቶ ያገላብጠዋል። ጫፉ ከተበላ ባለቤቱ ረጅም ነው፤ ተረከዙ ከተበላ አጭር ነው፤ በአንድ ጎን ብቻ ከተበላ ሰውየው ወይ ግራኝ ነው ወይ ወገቡን ያመዋል። ከዚያ ባለቤቱን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ በልኩ ይሠራለታል። ብረት አይዋሽም፣ ሰው ግን ስለ ራሱ ሲጠየቅ ይዋሻል የሚል እምነት ነበረው። በዚህ ዘዴ ስንት መቆፈሪያ፣ ስንት ማጭድ፣ ስንት የቡና መግረዣ ገጀራ እንደ ሠራ እሱም አያውቀው።

የብረት ሥራ በዚያ አገር ይፈለጋል እንጂ አይከበርም። መቆፈሪያውን የወደደ ሰው ሠሪውን ከቤቱ ደፍ አያሳልፍም። በኦሮምኛ «ቱምቱ» ይሉታል፤ ቃሉ ቀጥቃጭ ማለት ብቻ ነው፣ ነገር ግን ሲናገሩት አፋቸው ጠመም ይላል። ከአብዮቱ ወዲህ ጓዶች በየስብሰባው የእጅ ባለሙያ ክቡር ነው ይሉ ነበር። ጭብጨባው ሞቅ ያለ ነው፣ የምሳ ጥሪው ግን አልመጣም። ስለዚህ የቲጃኒ ሀብት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም አለመሳሳቱ። ናቁኝም አልናቁኝም እኔ ያልዳሰስኩት ብረት መሬት አይነካም እያለ ራሱን ቀና አድርጎ ይሄዳል።

ዋቅጅራ ግን የቲጃኒን ቤት ደፍ ሳይቆጥር ነበር የሚገባው። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ አጠር ያለ፣ ትከሻው ሰፊ፣ አፉ ቁጥብ። ለአንድ እንግሊዛዊ የቡና ባለሙያ ይሠራ ነበር። ፈረንጁ ከአጋሮ እስከ ሊሙ የቡና በሽታ ሲከታተል ስድስት ዓመት ጅማ ተቀመጠና፣ ከጅሬን ኮረብታ ሥር ባለ የግጦሽ ሜዳ ላይ ስድስት ጉድጓድ አስቆፍሮ ጎልፍ የሚባል ጨዋታ ይጫወት ጀመር። ጨዋታው ሲያዩት ቀላል ነው። ከዶሮ እንቁላል የምታንስ ጠንካራ ኳስ፣ ራሱ ብረት በሆነ ዱላ እየመቱ፣ በጥቂት ምት ሩቅ ያለች ጉድጓድ ውስጥ ማስገባት ነው። ሣሩን የሚያጭዱት ላሞች ናቸው። ዋቅጅራ መጀመሪያ ዱላ ተሸካሚ ነበር፤ ቀጥሎ አብሮ ተጫዋች ሆነ፤ በሦስተኛው ዓመት ፈረንጁ ከእሱ ጋር መጫወት ተወ። መሸነፍ ሰልችቶት ነው ይባላል። ዋቅጅራ የተላቀቀ እጀታ ሊያስጠግን ወደ ቲጃኒ በመጣ ቁጥር ቁጭ ብሎ ምሳ በልቶ ይሄድ ነበር፤ ከኦሮሞ ልጆች ይህን የሚያደርግ ሌላ ሰው ስላልነበረ ቲጃኒ ልጁን ይወደው ነበር፤ ወዶም አልደበቀው።

በ1976 ዓ.ም. በጥቅምት፣ ዋቅጅራ ሁለት ከረጢት በጋሪ ጭኖ መጣ። ፈረንጁ ሥራውን ጨርሶ ሊሄድ ነው፤ ቢሮው ይዘጋል። ይሁን እንጂ አንድ ቀዳዳ ተገኝቷል። አዲስ አበባ ያለ አንድ የጎልፍ ክበብ አስተማሪ ይፈልጋል፤ ፈረንጁ ጻፈላቸው፤ የክበቡ ሹም ከሦስት ሳምንት በኋላ እሁድ ጅማ መጥቶ ሁለት ሰው አጫውቶ አንዱን ይወስዳል። አንዱ ዋቅጅራ ነው፤ ሌላው የቢሮው ሾፌር አብተው። አብተው ቢሸነፍ መንጃ ፈቃዱ ኪሱ ውስጥ ነው፤ የትም እንጀራ አያጣም። ዋቅጅራ ግን ከዚህች ኳስ በቀር የሚያውቀው ሥራ የለም። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጥቶ ነበር፤ ሥራ የሌለው ወጣት ስሙ ቀድሞ ይጻፋል እየተባለ በየቀበሌው ይወራል። የዋቅጅራ እናት ይህን ከሰሙ ጀምሮ እህል አልወርድ ብሏቸዋል።

ፈረንጁ ሁለቱን ከረጢት ሲሰጥ አንዱን ዋቅጅራ ይምረጥ፣ የቀረውን አብተው ይውሰድ ብሎ ነበር። በያንዳንዱ ከረጢት ከሦስት ቁጥር እስከ ዘጠኝ ቁጥር ሰባት ብረት አለ። ቁጥሩ ባነሰ ኳሷ ሩቅ ትሄዳለች፤ ቁጥሩ በጨመረ ከፍ ብላ ቅርብ ትወድቃለች። አንደኛው ከረጢት አዲስ ነው፤ ብረቶቹ ጀርባቸው ሰፊ፣ ፊታቸው እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ። ሌላው አሮጌ ነው፤ ቀጫጭን ብረቶች፣ አንዳንዱ ዝገት የነካካው። ዋቅጅራ፣ ኦቦ ቲጃኒ ብረት እርስዎ ያውቃሉ፣ ይምረጡልኝ አለው። ልብ በሉ፤ ይምረጡልኝ ነው ያለው።

ቲጃኒ አዲሱን አንስቶ በጥፍሩ መታ መታ አደረገው፤ ጆሮው ሥር አድርጎ አዳመጠ። አሮጌውንም እንዲሁ። ከዚያ ሳቀ። አዲሱ ቀልጦ በቅርጽ የተቀዳ ነው፤ አሮጌው በመዶሻ የተቀጠቀጠ ነው። የተቀዳ ብረት ደረቅ ነው፣ ላጥፍህ ቢሉት ይሰበራል። የተቀጠቀጠው ግን እንደ ሰው ነው፤ ምክር ይሰማል። ሆኖም ቲጃኒ በዚህ ብቻ አልፈረደም። ጋሪውን አዙሮ ከልጁ ጋር ወደ ጅሬን ሥር ሄደና፣ በሁለቱም ብረት ሃያ ሃያ ጊዜ እንዲመታ አደረገው፤ እሱ ሣሩን ነበር የሚያየው።

ሰው ሁለት ዓይነት ነው ብሎ ያምናል፤ ቆፋሪና አጫጅ። ቆፋሪው ሲመታ ብረቱ መሬት ይገባል፣ አፈር ይዞ ይወጣል። ለእንዲህ ያለው ታቹ ሰፊ የሆነ ብረት ይሻለዋል፤ በጥቅምት የጅማ መሬት ገና እንደ ሊጥ ነውና ቀጭኑ ይሰምጥበታል። ዋቅጅራ ግን አጫጅ ነበር። ኳሷን ከሣሩ ላይ ጠርጎ ነው የሚያነሳት፤ ከኋላው ሣሩ ጫፉ ብቻ ታጭዷል። በዚያ ላይ አዲሱ ብረት ይሉኝታ አለው። ኳሷን በጫፉም በመሃሉም ቢመቷት እጅ ላይ የሚሰማው ነገር አንድ ነው። አሮጌው ሲስቱበት መዳፍ ይገርፋል፤ ሲያገኙት ደግሞ ምንም አይልም። እንዳንተ ላለ ሰው ውሸታም ብረት ምን ያደርግለታል አለው ቲጃኒ፣ ጀማሪ ነው የሚዋሽለት የሚፈልገው።

ዋቅጅራ አሮጌውን ያዘ። አብተው አዲሱን ሲረከብ ከደስታው ብዛት ለጋሪ ነጂው ሁለት ብር ሰጠ። በመንደሩ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እየተባለ በዋቅጅራ ተሳቀ። ወሬው የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ገበየሁ ዘንድ ደረሰ፤ ጓድ ገበየሁም የቡርዧ መጫወቻ በቀበሌዬ ይጠገናል ወይ ብሎ ደረቱን ነፍቶ ከወናፉ አጠገብ ቆመ።

ቲጃኒ መዶሻውን እንኳ አላስቀመጠም። «ጓድ፣ ብረት መደብ የለውም» አለ። «ትናንት ያንተን የበር ማጠፊያ ሠራሁ፤ ቡርዧ ነው አላልኩህም።» ገበየሁ ትንሽ አሰበና፣ ልጁ ካሸነፈ የቀበሌያችን ድል እንደሆነ በሪፖርት እንዲጻፍ አሳስቦ ሄደ።

እስከዚህ ድረስ ቲጃኒ ልክ ነበር። እዚህ ላይ ቢያቆም ይህ ታሪክ አይኖርም ነበር። ግን እሱ የመረጠው ብረት እንዳለ፣ ሳይለካ ከቤቱ ሊወጣ? ሠላሳ ዓመት የኖረበት ደንብ አለ። አሮጌው ብረት እጁ ላይ ነው፤ አገላበጠው። ሰባቱም ታቻቸው ወደ ጫፍ በኩል ተበልቷል። ጫፉ ከተበላ ባለቤቱ ረጅም ነው፤ እጁን ከፍ አድርጎ ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ እጀታው ቀና ማለት አለበት። ዓይኑ ከፊቱ የቆመውን አጭር ሰው ያያል፤ ብረቱ ረጅም ነው ይለዋል። ብረቱን አመነ። ልጁ አጭር ቢሆንም እጁን ከፍ የሚያደርግ ነው ብሎ ለራሱ መልስ ሰጠና ነገሩን ዘጋው።

እሳት አላሳየውም፤ እጀታውን የያዘው ማጣበቂያ ይቀልጣል። የብረቱን ራስ ሞርሳ ውስጥ አጥብቆ፣ አንገቱን ሹካ በመሰለ ብረት ይዞ፣ ቀዝቃዛውን ቀስ አድርጎ አጠፈው። ሰባቱንም እንዲሁ አደረገ። ውብ ሥራ ነበር፤ ክሮሙ እንኳ አልተላጠም። ዋቅጅራ እጁን ዘርግቶ ሲቀበል ዓይኑ እንባ አቀረረ። እድሜ ልኩን የሌላ ሰው ዕቃ ሲሸከም የኖረ ልጅ፣ ለእሱ ተብሎ የተሠራ ነገር ሲሰጠው ይህ የመጀመሪያው ነበር።

በማግሥቱ ኳሷ ወደ ግራ ሄደች። በሦስተኛውም ቀን ወደ ግራ። ዋቅጅራ ቀና ብሎ ጉድጓዷ ላይ የተተከለችውን ባንዲራ ያያል፣ ይመታል፣ ኳሷ ላሞቹ መሃል ትገባለች። ከሜዳው ወዲያ ማዶ አብተው በሚያብረቀርቀው ብረቱ ኳሱን ቀጥ አድርጎ ይልካል። ልጁ ግን ብረቱን አልጠረጠረም። ኦቦ ቲጃኒ የሠሩት ብረት እንዴት ይሳሳታል? ጥፋቱ የእጄ ነው አለ፤ እጁን ሊያርም ተነሣ። ጎህ ሲቀድ ይወጣል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይመለሳል። መዳፉ ቆሰለ። ምሳ ላይ ቲጃኒ እንዴት ነው ብረቱ ሲለው «አሪፍ ነው» ብሎ ዓይኑን ወደ ሳህኑ ይመልሳል።

የነቃችው ዙቤይዳ ናት፤ የቲጃኒ ሚስት። ልጁ እጁን ሲታጠብ መዳፉን አየችና፣ ሰው ጫማ ሲጠበው እግሩን ነው ወይ የሚሞርደው አለች። ለማንም አልተናገረችም፤ ወደ ጓዳ እየገባች ነው ያለችው። ቲጃኒ ግን ሰማ፤ ጉርሻውንም መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረው።

ውድድሩ አምስት ቀን ሲቀረው ቲጃኒ ሳይነግረው ወደ ጅሬን ሥር ወጣ። ከሜዳው ዳር ካለ ዋርካ አጠገብ ቆሞ አየ። ያ አጫጅ ልጅ የት ሄደ? ዋቅጅራ እጁን ደረቱ ድረስ ሰቅሎ፣ በእግሩ ጣቶች ተንጠራርቶ፣ ትከሻውን አጥብቦ ይመታል። ሣሩ ላይ የብረቱ ተረከዝ የቆፈረው ጠባሳ ተደርድሯል። ሰውየው ለብረቱ እየተጣመመ ነው። ቲጃኒ ብረት ለሰው ሲያጣምም ነው የኖረው፤ ሰው ለብረት ሲጣመም አይቶ አያውቅም።

ቀርቦ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው። ይህን ብረት ካንተ በፊት ማን ነበር የሚጫወትበት?

ፈረንጁ ነዋ፣ አለ ዋቅጅራ። አዲሱን ሳይገዛ፣ ከአገሩ ጀምሮ አሥራ አምስት ዓመት ተጫውቶበታል።

ፈረንጁ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ሰው ነበር። ቲጃኒ ያነበበው እሱን ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ረጅሙ ሰውዬ የበላውን ጫፍ አይቶ፣ ለአጭሩ ሰው አጠፈለት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ቲጃኒ ወረቀት አልነበረውም፣ ደንብ ነበረው። ፊቱ እንደ ፍም ጋለ። ወደ ቤቱ ተመልሶ ምንም ሳይናገር ብረቱን ሌሊት ቢያቀናው ማንም አያውቅበትም ነበር፤ ይህን ማሰቡን አልክድለትም። ግን ልጁ የቆሰለ እጁን ከኋላው ደብቆ፣ ጥፋተኛ ሆኖ ፊቱ ቆሟል።

«እጅህን ተወው» አለው። «ያጠፋው ብረቱ ነው። ብረቱን ያጠፋሁት ደግሞ እኔ ነኝ።»

ዋቅጅራ የደበቀውን እጁን አወጣ። «እርስዎም ይሳሳታሉ እንዴ፣ ኦቦ ቲጃኒ?» አለ። ሊያሾፍ አልነበረም፤ እውነቱን ነው የጠየቀው። ከመልሱ ይልቅ ጥያቄው ቲጃኒን አመመው።

ያን ቀን ከሰዓት ሥራ ጀመሩ። የሚታይ አሮጌ የለም፤ ዋቅጅራ ብረት ኖሮት አያውቅምና ያረጀበት ብረት ከየት ይመጣል? ቲጃኒ ተቀምጦ አሰበ፣ አሰበና ተነሣ። ከምድጃው ግድግዳ ጥቀርሻ ፍቆ በቅባት ለወሰው፤ የብረቱን ታች ቀባው። ሜዳው ላይ ጣውላ አጋደመ፣ ኳሷን ጣውላው ላይ አስቀመጠ። እንደ ድሮህ ሁነህ ምታ አለው፣ እኔን እርሳኝ። ዋቅጅራ መታ። ብረቱን ሲገለብጡት ጥቀርሻው የተፋቀው ከተረከዙ ላይ ነው። ቲጃኒ ሞርሳውን በጋሪ አስጭኖ መጥቶ ስለነበር እዚያው ትንሽ አጠፈው፤ ደግሞ ቀባው፤ ምታ አለው። አሁንም ወደ ተረከዝ። ደግሞ አጠፈ። በስድስተኛው ጥቀርሻው ከመሃል ተፋቀ፣ ኳሷም በባንዲራዋ አናት ላይ አለፈች። ዋቅጅራ ከሳምንታት በኋላ ጥርሱ ታየ።

በቀን አንድ ሁለት እያሉ እስከ ቅዳሜ ሄዱ። ብረት ግን እንደ ሰው ሲያመላልሱት ይታክታል፤ ቲጃኒ ይህን ስለሚያውቅ ያለ ቢስሚላህ ሞርሳውን አላጠበቀም። ከሰባቱ አንዱ አልቻለም። ቅዳሜ ከሰዓት፣ የመጨረሻው ሲቀር፣ አንገቱ ላይ ፀጉር የምታክል መስመር ታየች፤ ቀጥሎ ራሱ ሞርሳው ውስጥ ቀረ፣ እጀታው ቲጃኒ እጅ ላይ። ስድስት ቁጥር ነበር። ዋቅጅራ፣ ያለ እሱም ይቻላል አለ። አፉን ሞልቶ ነው ያለው፤ እነዚያ ሁለት ሳምንታት የወሰዱበት እምነት ተመልሶለታል።

እሁድ ሜዳው ሞላ። ጓድ ገበየሁ ወንበር አስመጥቶ ከፊት ተቀመጠ፤ ገበሬው፣ ነጋዴው፣ የኮሌጁ ተማሪ ሁሉ መጣ። የክበቡ ሹም አቶ ዓምደሚካኤል ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ዘለግ ያሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ብዙ አይናገሩም፣ ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። ስድስቱን ጉድጓድ ሁለት ጊዜ ዞሩ። አብተው በደንብ ተጫወተ፤ ይህን መካድ ነውር ነው። አሥራ አንዱ ጉድጓድ ሲያልቅ ሁለቱ እኩል ነበሩ። የቀረችው ሜዳውን ከሚያቋርጠው ቦይ ማዶ ያለችዋ ናት።

ርቀቷ ለስድስት ቁጥር የተለካች ነበረች። ነፋሱ ከጅሬን በኩል ፊት ለፊት መጣ። አብተው ስድስት ቁጥሩን መዞ ቀጥ አድርጎ፣ ከፍ አድርጎ መታ። ያማረ ምት ነበር፤ ነፋሱ አናቷ ላይ ያዛትና ቦዩ ውስጥ ጣላት። ዋቅጅራ ከረጢቱ ላይ ጎንበስ አለ። በሰባት ቁጥር አትደርስም፣ በአምስት ቁጥር ታልፋለች። አምስቱን አወጣ። እጁን እጀታው ላይ ዝቅ አድርጎ ያዘ፣ ኳሷን ወደ ቀኝ እግሩ አስጠጋ፣ ክንዱን በግማሽ ብቻ መልሶ አጨዳት። ድምፅም አልነበረው። ኳሷ ከሰው ቁመት ብዙም ሳትበልጥ በነፋሱ ሥር ሾልካ ቦዩን ተሻገረች፣ ሁለት ጊዜ ነጥራ ከጉድጓዷ አራት እርምጃ ላይ ቆመች። ቲጃኒ ለጎልፍ ደንታ የለውም፤ ግን አንድ ሰው መሣሪያውን ሲያዝዘው ያውቃል። ዋቅጅራ በሁለት ምት አገባት፤ አሸነፈ።

ጭብጨባው ሲበርድ አቶ ዓምደሚካኤል ከረጢቱን ፈተሹ። ፈረንጁ በላከላቸው ዝርዝር ላይ ሰባት ብረት ተጽፏል፤ እዚህ ያለው ስድስት ነው። ስድስት ቁጥር የት ሄደ ብለው ጠየቁ።

ዋቅጅራ አንድ ጊዜ ወደ ቲጃኒ አየ፣ ወደ ሕዝቡ አየ፣ መሬት አየ። «ጠፋብኝ» አለ።

የሽማግሌው እስክሪብቶ ቆመ። የክበቡን ዕቃ በሙሉ ተረክቦ የሚጠብቀው አስተማሪው ነው አሉ፤ የራሱን ዕቃ የሚጥል ሰው እንዴት እንደሚታመን አላውቅም። ደብተራቸውን ገልጠው ወደ አብተው ዞር አሉ። ያን ጊዜ ጓድ ገበየሁ፣ ነገሩ ያልገባው፣ ከጎኑ ላለው ሰው ብረቱን የለካው የኛው ቲጃኒ ነው፣ ተሳስቶ የማያውቅ እያለ ጮክ ብሎ ይናገር ነበር። ቲጃኒ ዙሪያውን አየ። ከሰካ የመጡት አሉ፤ ከአጋሮ የመጡት አሉ፤ ሁሉም ቆፍረው የሚያድሩት በእሱ ብረት ነው። ዝም ቢል ስሙ እንዳለ ይቀመጣል። ልጁ በገዛ እጁ ያንን ስጦታ ሰጥቶታል።

«አልጠፋበትም» አለ ቲጃኒ ወደ ፊት ወጥቶ። «እኔ ነኝ የሰበርኩት። ልጁ ምረጥልኝ ነው ያለኝ፤ እኔ ማንም ሳይጠይቀኝ አጣመምኩት። የሌላ ሰው እጅ የበላውን የሱ መስሎኝ። ወላሂ፣ ተሳስቼ ነው። ላቃና ስል ተሰበረ።»

ሽማግሌው ወደ ዋቅጅራ ዞረው ለምን እንደዋሸ ጠየቁት፤ በሰው ፊት የኦቦ ቲጃኒን ስም ማጥፋት ስላልወደድኩ ነው አለ። አቶ ዓምደሚካኤል ሁለቱን ተራ በተራ አዩና፣ በሌለ ስድስት ቁጥር የተመታ የስድስት ቁጥር ምት ዛሬ ገና አየሁ አሉ። ጻፉ። ዋቅጅራ ኅዳር አሥራ አምስት አዲስ አበባ ሥራ ይጀምራል። እናቱ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው አለቀሱ።

ቲጃኒ በልጁ ተደስቶ፣ በራሱ ተሸማቆ ወደ ቤቱ ሄደ። ሁለቱ አንድ ሆድ ውስጥ አብረው ማደር እንደሚችሉ ያን ቀን አወቀ። ሰኞ ጠዋት ማንም እንደማይመጣ እርግጠኛ ስለነበር እሳቱንም ለማቀጣጠል ሰነፈ። ሱቁን የከፈተው ልማድ ሆኖበት ነው።

በሩ ላይ ሰልፍ ነበር። አሥራ አንድ ሰው ቆጠረ፤ ሁሉም መሣሪያ ይዟል። መጥተው የሚስቁበት መስሎት ፊቱን አጠቆረ። ከፊት የቆመው የሰካው ዳባ ነበር፤ መቆፈሪያውን በሁለት እጁ ይዞ አንገቱን ሰበረ።

«ይቺን ከሠሩልኝ ሰባት ዓመት ሆናት» አለ። «ያኔ ያመጣሁት አሮጌ የወንድሜ ነበር። ስቆፍርባት ወገቤን ታመኛለች።»

«ሰባት ዓመት ለምን ዝም አልክ?»

«እርስዎ አይሳሳቱም ነበር እኮ» አለ ዳባ። «ወገቤ መስሎኝ።»

ቲጃኒ ሰልፉን አየ። የሟች አባቱን ማጭድ አምጥቶ የነበረ አለ፤ ከጎረቤት ተውሶ ያመጣ አለ። ሁሉም የቲጃኒን ብረት ላለማሳፈር ሲጣመሙ የኖሩ ሰዎች ናቸው። መሳቅ ፈለገ፣ ማልቀስም ፈለገ፤ ሁለቱንም ትቶ ወናፉን ያዘ። ዳባን ወደ ጓሮ ወስዶ ቆፍር ልይህ አለው፤ ለመጀመሪያ ጊዜም የአንድን ገበሬ ቁመት ከእግር እስከ ራሱ አየ።

ሲመለስ ሰልፉ አሥራ ሁለት ሆኗል። ከመጨረሻው ዙቤይዳ ቆማለች፤ ለሠርጋቸው የሠራላትን የሽንኩርት ቢላዋ ይዛለች።

«አንቺም?» አላት።

«ሃያ ሁለት ዓመት» አለችው፤ ተራዋን ጠብቃ ቆመች።